«30» ማለት ጥንካሬ አይደለም፦ ለካንሰር የጊንጥ መርዝ ጠብታ ልትገዙ ላሰባችሁ

ብልቃጡ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ካርቶኑ ላይ ሰማያዊ ጊንጥ ጅራቱን ቀስሮ ተስሏል፤ ከሥሩ በትንሽ ፊደል «30 ሲኤች» ይላል። በየ12 ሰዓቱ 5 ጠብታ ከምላስ ሥር ተብሎ፣ አራት ብልቃጥ ተሸጠልኝ። ውስጡ ያለው ውሃና አልኮል ነው። ሌላ ምንም የለበትም። ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው፣ ቃሌ ከከረረባችሁ ይቅርታ።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ውሸት ብቻ ቢያወሩ ማንም አይገዛቸውም ነበር፤ የሚጀምሩት ከእውነት ነው። ስልካቸውን አውጥተው ከጥቁሩ መሐል የሚያበራ የአንጎል ዕጢ ፎቶ ያሳያሉ፣ «የጊንጥ መርዝ ካንሰርን ያገኘዋል፣ በሳይንስ ተረጋግጧል» ይላሉ። ቀጥሎ «ተፈጥሯዊ ነው፣ የጎንዮሽ ጉዳት የለውም» ይመጣል። ከዚያ ሂሳብ።

እኔ ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነበር፦ በአንድ ጠብታ ውስጥ ስንት ሚሊግራም መርዝ አለ? ሻጯ መልስ ከመስጠት ይልቅ ካርቶኑን አዞረችና ቁጥሩን በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው። «ይኸው፣ 30። ባለ 6ም ባለ 12ም አለ፤ ይሄ ግን የመጨረሻው ጠንካራው ነው።» ክህደቱ እዚያች ላይ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን የሚጨምረው መርዙ ሳይሆን ማቅጠኛው ነው። «ሲ» የመቶኛ ምልክት ናት፤ «ኤች» ደግሞ ሆሚዮፓቲ የሚባለውን ይህን የማቅጠን ዘዴ ያወጣው የጀርመናዊው ሐኪም የሳሙኤል ሃነማን። አንድ ጠብታ መርዝ 99 ጠብታ ውሃና አልኮል ውስጥ ገብቶ ሲናጥ 1 ሲኤች ይባላል። ከዚያ ድብልቅ አንድ ጠብታ ተቀድቶ ሌላ 99 ውስጥ ሲገባ 2 ሲኤች። እንዲህ እያለ 30 ጊዜ።

6 ላይ ሲደርስ አንድ እጅ መርዝ በትሪሊዮን እጅ ፈሳሽ ውስጥ ነው። 12 ላይ የማቅጠኑ መጠን 1 ብሎ 24 ዜሮ ይሆናል። አንድ ሞል የሚባለው የማንኛውም ንጥረ ነገር መጠን የሚይዘው ግን 6 ብሎ 23 ዜሮ ያህል ሞለኪውል ብቻ ስለሆነ፣ ከዚህ በኋላ የሚቀጥን ነገር ራሱ አልቋል። 30 ላይ ዜሮዎቹ 60 ይደርሳሉ። በሊትር አንድ ሙሉ ሞል ከያዘ ፈሳሽ እንኳ ተጀምሮ ቢሆን፣ አንዲት የመርዝ ሞለኪውል ለማግኘት የመሬትን ግዝፈት ከአንድ ትሪሊዮን ጊዜ በላይ የሚያህል ጠብታ መጠጣት ያስፈልጋል። በቀን ሁለቴ አምስት ጠብታ!

የሚያቃጥለኝ ይህን ስሌት ለሌሎች የማስረዳ ሰው መሆኔ ነው። ያን ቀን ግን ዓይኔ ፎቶው ላይ ቀረ። ከፍዬ ከወጣሁ በኋላ ነው ቁጥሩን በትክክል ያነበብኩት። ልመልስ ስሄድ ደግሞ «ካላመኑበት ለምን ገዙት? ይሄ የሚሠራው ለሚያምን ሰው ነው» ተብዬ፣ ፊቷን ከኋላዬ ወደቆመው ሰው አዞረች። ነገ ታማሚው ሲብስበት ጥፋቱ የማን እንደሚሆን ከዚህ ይገባችኋል፤ በቂ ስላላመነ ነው ይሉታል።

ፎቶውስ? ፎቶው እውነት ነው፣ ግን የዚህ ጠብታ አይደለም። በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ በረሃ የሚኖር ሌዩሩስ ኩዊንኬስትሪያቱስ የሚባል ቢጫ ጊንጥ አለ። ከመርዙ ክሎሮቶክሲን የተባለ 36 አሚኖ አሲድ ያለው ትንሽ ፕሮቲን ተገኝቷል፤ ይህም ግሊዮማ በሚባለው የአንጎል ካንሰር ሴሎች ላይ ይጣበቃል። ተመራማሪዎች በዚያው አምሳያ የሠሩትን ፕሮቲን ከሚያበራ ቀለም ጋር አያይዘው በመርፌ በደም ሥር ይሰጡታል፤ ቀዶ ሐኪሙ ዕጢው የት እንደሚያበቃ በልዩ ካሜራ እንዲያይበት ነው። ያበራል እንጂ ዕጢውን አይገድልም፤ የሚያወጣው የሐኪሙ እጅ ነው። የካርቶኑ ሰማያዊ ጊንጥ ደግሞ የኩባ ነው፣ ዝርያው ሌላ። መርዙ ሳይቀጥን ቢሰጥ እንኳ 4,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) ገደማ የሚከብድ ሞለኪውል ከምላስ ሥር እንደዋዛ ወደ ደም አይገባም።

በዚያው መደርደሪያ የሻርክ ለስላሳ አጥንት ዱቄትም አለ። «ሻርክ ካንሰር አይዘውም» ይባላል፤ ይይዘዋል፣ በለስላሳ አጥንቱ ሳይቀር ዕጢ ተገኝቷል። ከዚሁ አጥንት የተጣራ ፈሳሽ 379 የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ላይ ከኬሞና ከጨረር ጋር ተሞክሮ ውጤቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፦ መካከለኛው የዕድሜ ቆይታ መድኃኒቱን ለወሰዱት 14.4 ወር፣ መድኃኒት የሌለበትን አስመሳይ ለወሰዱት 15.6 ወር። ምንም አልጠቀመም። የንብ መርዝም እንዲሁ ነው። ሜሊቲን የሚባለው ክፍሉ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የጡት ካንሰር ሴሎችን ሽፋን ይበሳል፤ ቀይ የደም ሴልንም ግን ይበሳል፣ ሳህን ላይ ደግሞ ደም የለም።

ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ሁሉ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም፤ እንዲያውም በጣም የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ለደም ካንሰር የሚሰጠው ሳይታራቢን ሐሳቡ የተወለደው ከባሕር ስፖንጅ ነው። ኤሪቡሊንም መነሻው በጃፓን ባሕር ከሚገኝ ስፖንጅ ሲሆን ለተሰራጨ የጡት ካንሰር ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈቃድ አለው፤ በሰውነት ስፋት በካሬ ሜትር 1.4 ሚሊግራም ተሰልቶ፣ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ በደም ሥር፣ በ21 ቀን ዙር በ1ኛውና በ8ኛው ቀን ይሰጣል። ትራቤክቴዲን የተገኘው ድንጋይና የዛፍ ሥር ላይ ተጣብቆ ከሚኖር ለስላሳ የባሕር እንስሳ ነው። ጉበት ስለሚጎዳና ነጭ የደም ሴል ስለሚያወርድ ደም እየተመረመረ ነው የሚሰጠው። ሦስቱም ዛሬ የሚመረቱት በፋብሪካ ነው፣ ከእንስሳው እየተጨመቁ አይደለም። መጠናቸው በሚሊግራም ተጽፏል፣ ጉዳታቸውም ተዘርዝሯል። ሻጯ «የጎንዮሽ ጉዳት የለውም» ስትል እውነቷን ነበር፤ ከአልኮሉ በቀር ጉዳት የሚያመጣ ነገር ውስጡ የለማ።

ገንዘቡ ይቅር። ሊድን በሚችል ካንሰር ሕክምናውን ትተው አማራጭ ብቻ የያዙ ሰዎች ላይ በአሜሪካ የተሠራ ጥናት፣ የመሞት ዕድላቸው ሕክምና ከወሰዱት 2.5 እጥፍ፣ በጡት ካንሰር ደግሞ 5.68 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። ሻጯ «ኬሞውን ለሁለት ወር ቢያቆሙት ጠብታው በደንብ ይሠራል» ያለችኝን የማልረሳው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሚሊግራም ጠይቁ። ካርቶኑ ላይ ሲኤች ካያችሁ መልሳችሁ አስቀምጡት። የገዛችሁ ካላችሁ ኬሞውን አታቋርጡ፤ ብልቃጡን ከነካርቶኑ ለሐኪማችሁ አሳዩ፣ በኬሞ አፉ የቆሰለ ሰው ምላስ ሥር ደግሞ አታንጠባጥቡት፣ አልኮሉ ቁስሉን ያባብሳል።