አርቲኤክስ 4060 እና ባለ 128 ቢት ባሱ፦ ደሴ ላይ ከዘጠኝ ወር የሰርግ ቪዲዮ ሥራ በኋላ

ካርዱ ባለ 8 ጊጋባይቱ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ (ጂፒዩ)፣ አርቲኤክስ 4060 ነው። የሚሠራበት ደሴ ውስጥ ባለ የሰርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ፣ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌሩም ዳቪንቺ ሪዞልቭ ስቱዲዮ ነው። በዚህ ካርድ ላይ በብዛት የሚነሳው ቅሬታ የሜሞሪ ባሱ (ጂፒዩውና ሜሞሪው ዳታ የሚለዋወጡበት መንገድ) ጠባብነት ነው፤ 12 ጊጋባይት ያለው አርቲኤክስ 3060 ባለ 192 ቢት ሲሆን ይሄኛው 128 ቢት ብቻ ነው። ቅሬታው እውነት ነው፤ የሚሰማው ግን በተወሰነ ሥራ ላይ ብቻ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የባሱን ስፋት በሜሞሪው ፍጥነት (በጊጋቢት በሰከንድ) አባዝቶ፣ ወደ ባይት ለመቀየር ለ8 ማካፈል። ለ4060፣ 128 × 17 ÷ 8 = 272 ጊጋባይት በሰከንድ። ለ3060፣ 192 × 15 ÷ 8 = 360። የ4060ን ሜሞሪ ኦቨርክሎክ አድርጎ (ከተሠራለት ፍጥነት በላይ አስሮጦ) ልዩነቱን ለመሙላት 22.5 ጊጋቢት መድረስ ያስፈልጋል፤ ይህ ከ17 ተነስቶ የሚደረስበት አይደለም። ኤንቪዲያ ያካካሰው በሌላ መንገድ ነው፦ የኤል2 ካሹን (ጂፒዩው ውስጥ ያለውን ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ) ከ3 ወደ 24 ሜጋባይት አሳደገው።

ጌም ላይ ይህ ካሽ በደንብ ይሠራል። በ1080 ጥራት አንድ የ8 ቢት ፍሬም 8 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ ካሹ ውስጥ ይገባል፤ በ4ኬ ግን 33 ሜጋባይት ይሆንና ይተርፋል። ሪዞልቭ ደግሞ ምስሉን በ32 ቢት ፍሎት (ለእያንዳንዱ የቀለም ቻናል 32 ቢት በሚይዝ ቁጥር) ስለሚያሰላ አንድ የ4ኬ ፍሬም 133 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ካሹ አይበቃውም፤ ሸክሙ በቀጥታ ባሱ ላይ ያርፋል።

የጥር ሰርግ ማታ ድንኳን ውስጥ ሲቀረጽ ብርሃኑ ያንሳል፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከፍ ይላል፣ ምስሉም በኖይዝ (በነጠብጣብ) ይሞላል። ቴምፖራል ኖይዝ ሪዳክሽን (አጎራባች ፍሬሞችን እያነጻጸረ ኖይዝ የሚቀንሰው የሪዞልቭ መሣሪያ) ከፊትና ከኋላ ሁለት ሁለት ፍሬም እንዲያይ ሲታዘዝ ለአንድ ፍሬም ብቻ አምስት ፍሬም፣ ማለትም 660 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ ያውም በአንድ ዙር ብቻ ከታሰበ ነው። ካርዱ ጎልቶ የሚዘገየው እዚህ ላይ ነው። ተቆርጦ፣ ቀለም ተስተካክሎ የሚወጣ የ1080 ቪዲዮ ላይ ግን የባሱ ጥበት አይታወቅም። ኤክስፖርቱን የሚሠራው ኤንቬንክ (የካርዱ ቪዲዮ ኢንኮደር) ራሱን የቻለ ክፍል ስለሆነ ባሱን ብዙም አያጨናንቅም።

ብዙ ሰው የሚያምታታው የባስ ጥበትንና የሜሞሪ ማነስን ነው። ምንጫቸው ግን አንድ ነው፤ እያንዳንዱ የጂዲዲአር6 (የካርዱ ሜሞሪ ዓይነት) ቺፕ ከባሱ 32 ቢት ስለሚይዝ 128 ቢት ላይ አራት ቺፕ፣ 192 ላይ ስድስት ይገጠማል፤ ባለ 2 ጊጋ ቺፕ ከሆነ 8 እና 12 ይሆናል። ለመለየት ጂፒዩ-ዚ የተባለውን የካርድ መረጃ ማሳያ ፕሮግራም ከፍቶ የሴንሰር ገጹን ማየት ነው። የሜሞሪ ኮንትሮለሩ ጭነት ጣራ ከነካ ችግሩ ባሱ ነው፤ መፍትሔውም ኖይዙ የተቀነሰውን ክሊፕ አስቀድሞ ሬንደር ካሽ ማድረግ (ተሰልቶ ዲስክ ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ) ነው። የተያዘው ሜሞሪ ወደ 8 ጊጋ ከተጠጋና ሪዞልቭ «የጂፒዩ ሜሞሪ ሞልቷል» ካለ ግን ያነሰው መጠኑ ነው፤ የታይምላይኑን ጥራት ወደ 1080 ማውረድ ይረዳል።

የካርዱ ሜሞሪ ሲሞላ የተረፈው ዳታ ወደ ኮምፒውተሩ ራም የሚሄደው በፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዱ በማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት መገናኛ) በኩል ነው። ካርዱ የሚጠቀመው 8 መስመር ብቻ ስለሆነ ፒሲአይ 4 ላይ 16 ጊጋባይት በሰከንድ ገደማ ያገኛል፤ ፒሲአይ 3 ባለው ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ግን 8 ብቻ። እንዲህ ባለው ማሽን ላይ የ4ኬ ሥራ በጣም ያስቸግራል፤ ለሱ አይመከርም።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ የካርዱ ትልቁ ጥቅም የሚፈልገው ኃይል 115 ዋት ብቻ መሆኑ ነው፤ 3060 ግን 170 ይወስዳል። ልዩነቱ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ የሚተካው ባትሪ) በሚያቆየው ደቂቃ ይታወቃል። የደሴ ብርድም ያግዘዋል፤ ኮምቦልቻ ላይ ግን ሙቀቱና አቧራው ስለሚበረታ ማራገቢያውን በየጊዜው ማጽዳት ግድ ነው።

ዋና ሥራው 4ኬ እና ኖይዝ መቀነስ የሆነ ሰው ባለ 12 ጊጋውን 3060 ቢፈልግ አይሳሳትም። ሲገዛ ግን ይጠንቀቅ፦ በዚያው ስም የሚሸጥ ባለ 8 ጊጋ 3060 አለ፤ ባሱ 128 ቢት፣ ፍጥነቱም 240 ጊጋባይት በሰከንድ ብቻ ነው። ካርቶኑን አይመኑ፤ ካርዱን አስገጥመው ጂፒዩ-ዚ ላይ የባስ ስፋቱ 192 ማለቱን አይተው ይክፈሉ።