በበቅሎ ወደ መቅደላ፦ ጉዞው ጥሩ ነው፣ አንድ ልጅ ግን ተረስቷል

ደሴ የምሠራ ነርስ ነኝ። ሥራውን ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ጥር የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ከወንድሜ ልጅ ጋር መቅደላ ወጣሁ። ከተመለስኩ ጀምሮ ሰው ሁሉ «በቅሎዎቹ እንዴት ናቸው? አስጎብኚውስ ያውቃል ወይ?» እያለ ስለሚጠይቀኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

በኩታበር አድርገን አጅባር ገባን። መንገዱ አቧራ ነው፤ ነጠላ ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሰላም አገሩን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

በማግስቱ ሁለት በቅሎና አንድ አስጎብኚ ተከራየን። ዋጋውን ቀድመን ጨርሰን ስለነበር ስንመለስ አንድ ብር አልጨመሩብንም። ያስከፋኝ ሌላ ነገር ነው። ለእኔ የቀረበችውን በቅሎ ግላሷን ገለጥ ባደርገው ገጣባ ናት። ቁስሉ የመዳፌን ግማሽ ያህላል፤ ጠርዙ ገና እርጥብ ነው፣ ዝንብ ወሮታል። በዚህ ላይ ኮርቻ አይጫንም አልኩ። ባለበቅሎው አባት አልተከራከሩኝም። «አብሽሪ ልጄ፣ ሌላ አለች» ብለው ዳማዋን አመጡልኝ። እሷ ጤነኛ ናት፤ ዳገቱን ድንጋይ እየመረጠች ነው የምትወጣው። ግን ያን ቁስል ከእኔ በፊት ማየት የነበረባቸው እሳቸው ናቸው። እናንተም ሳትፈናጠጡ በፊት ግላሱን አንሱና እዩ።

አምባው ላይ ሴባስቶፖል አለ። ጋፋት ተሠርቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ እዚህ ድረስ የመጣው የአጼ ቴዎድሮስ መድፍ ነው። ብረቱ ላይ እጄን ሳሳርፍ ቅዝቃዜው እስከ ክርኔ ተሰማኝ። አስጎብኚያችን ወጣት ነው፤ ሲናገር ያምርበታል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ የፋሲካ ማግስት፣ እንግሊዞቹ እንዴት እንደወጡ፣ ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው ሽጉጣቸውን እንደጠጡ አንድ በአንድ ነገረን። ልዑል አለማየሁንም አነሳ። እዚያ ላይ ጨረሰ።

«ሌላው ልጅስ?» አልኩት።

«የቱ ልጅ?»

እኔ የመጣሁት ለዚያ ልጅ ነበር። ጎንደር የተወለደ፣ ያን ጊዜ ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ። ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ መቅደላ ላይ ያለ ወላጅ ተገኘ። አንድ የእንግሊዝ መኮንን ህንድ ወሰደው፤ ሌላ መኮንን አስተማረው። ቻርለስ ማርቲን አሉት። በ1874 ላሆር ላይ ሕክምና ተመረቀ፣ ስኮትላንድ ሄዶ ትምህርቱን ቀጠለ፣ በርማ ውስጥ ሠራ። ከአድዋ ድል በኋላ አገሩን ፈልጎ መጣ። አያቱ በሰውነቱ ላይ ባሉት ጠባሳዎች ለዩት። ወርቅነህ እሸቴ መሆኑ ያኔ ታወቀ። እኔ ጠባሳ በየቀኑ አያለሁ፣ ካርድ ላይም እጽፋለሁ። ሰላሳ ዓመት ሙሉ የአንድ ሕፃን ጠባሳ የት የት እንደነበር ልባቸው ውስጥ ይዘው የቆዩትን ሴትዮ ሳስብ ግን እንባዬ ይመጣል።

ሰው ሐኪም ወርቅነህን «የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘመናዊ ሐኪም» ብሎ ያቆማል። ለእኔ ይሄ አይበቃም። ምኒልክን አክመዋል። ግን በሕክምናው አልተወሰኑም። የውጭ ሰዎችና የኢትዮጵያውያን ክርክር በሚታይበት ልዩ ፍርድ ቤት በዳኝነት ተቀመጡ። በ1917 ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት ኃላፊው እሳቸው ነበሩ። ጨርጨርን አስተዳደሩ። ጣሊያን ሲወረን ለንደን ላይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ነበር፤ ዕድሜያቸው ሰባ ደርሷል። የእንግሊዝ ጦር ከዚህ አምባ የወሰደው ልጅ ሸምግሎ እንግሊዞቹ ፊት ቆሞ ስለ አገሩ ይከራከር ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ደግሞ ጣሊያኖች ሁለት ልጆቻቸውን፣ ቢኒያምንና ዮሴፍን ገደሉባቸው። እሳቸው እስከ 1945 ኖሩ።

ሐኪም ለምን ችሎትና ግዛት ውስጥ ገባ የሚል ሰው ይገጥመኛል። አንዲት እናት ያንኑ ልጅ በየወሩ ተቅማጥ ይዞት ስታመጣው አይቻለሁ። መድኃኒቱን እንሰጣታለን፤ የምትቀዳው ውሃ ግን ያው ነው። ይህን ያየ ሐኪም ከመድኃኒቱ አልፎ ቢሄድ አይገርመኝም።

አስጎብኚው ቆሞ ሰማኝ፣ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ «እንደገና ይበሉልኝ» አለና ቀዳኝ። ቁልቁለቱን በእግራችን ስንወርድ (ቁልቁለት ላይ በቅሎ ላይ አትቀመጡ) ለባለበቅሎው ይተርክላቸው ጀመር። «የቴዎድሮስ ልጅ ነው» ሲል አረምኩት። «የእሸቴ ልጅ» ብሎ ደገመው።

ቆሎና በሶ እየበላን ውለን አጅባር ስንገባ ሊመሽ ነበር። እንዲህ የሚሰማ አስጎብኚ ለማግኘት ድጋሚ እሄዳለሁ። ገጣባዋ በቅሎም ድና እንደሆነ አያለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አስጎብኚው ደወለልኝ። ከደሴ የመጡ ተማሪዎች ሊያስወጣ ነው።

«እትዬ፣ ሐኪም ወርቅነህ የተማሩበት ከተማ ስም ጠፋኝ።»

«ላሆር።»

«ሆ ነው ሖ?»

ፊደል በፊደል ነገርኩት።