ዳግመኛ በእጄ ላቆመችኝ አሰልጣኝ

ሐዋሳ ውስጥ ጂምናስቲክ መጀመር እየፈለገ ዕድሜውን የሚፈራ ሰው ካለ፣ ይህን ጽሑፍ ለእርሱም ጭምር ነው የምጽፈው።

በልጅነቴ ሰርከስ እሠራ ነበር። 15 ዓመት ሲሞላኝ ትምህርቱ በረታብኝና ተውኩት። ከዚያ ሥራ፣ ትዳር፣ ሁለት ልጆች መጡ፤ ዘንድሮ 39 ሞላኝ። ትንሿ ልጄ ሳሎን ውስጥ ስትገለባበጥ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይነሣ ነበር። አንድ ቀን ጨክኜ ሄድኩ። የሄድኩበት ቦታ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ሰውነቴ ሳይሟሟቅ፣ ሲሚንቶ ላይ በእጄ እንድቆም አደረጉኝ። የቀኝ እጄ አንጓ አብጦ ሦስት ሳምንት ብዕር መያዝ አቃተኝ።

ይህችን አሰልጣኝ የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። ታቦር ተራራ ግርጌ ባለች ጠባብ አዳራሽ ሕፃናትን የምታሠለጥን ወጣት ናት። እጄን ይዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየገፋች የቱ ጋ እንደሚያመኝ ጠየቀችኝ። ከዚያም «እትዬ፣ ጡንቻዎ ቶሎ ያስታውሳል፤ ጅማትዎ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ቅር እንዳይልዎት፣ ከመውደቅ እንጀምራለን» አለችኝ።

አንድ ወር ሙሉ መውደቅ ተማርኩ። ክብደቴ አንገቴ ላይ እንዳያርፍ አገጬን ወደ ደረቴ ሰብስቤ መንከባለል፤ በእጅ ቆሜ ሚዛኔን ስስት ወደ ጎን ዞሬ በእግሬ ማረፍ። በልጅነቴ አሥር ጊዜ ተንከባልዬ ምንም የማይለኝ፣ አሁን በሁለተኛው ላይ ዞረብኝ። አላጣደፈችኝም። ውሃ ሰጥታኝ አጠገቤ ተቀመጠች። መውደቅን ሳልችል ግን ከግድግዳው እንድርቅ በፍጹም አልፈቀደችልኝም፤ ለምኛታለሁ እንኳ።

በእጅ ሲቆሙ ሚዛኑ ያለው ጣት ላይ ነው። ሰውነት ወደ ጀርባ ሲያዘነብል ጣቶች ወለሉን ይጫናሉ፤ ወደ መነሻው ሲመለስ ደግሞ የመዳፍ ሥር ይጫናል። ይህን በልጅነቴ ማንም አልነገረኝም። እርሷ ጉንጯን ፍራሹ ላይ አድርጋ ትተኛና ጥፍሮቼን ትመለከታለች። ጣቴ ወለሉን ሲጫን ጥፍሬ ይነጣልና፣ «ነጣ፣ ነጣ! እየያዙ ነው እትዬ!» ትላለች።

አንድ ቀን ተስፋ ስቆርጥ የኡዝቤኪስታኗን የጂምናስቲክ ስፖርተኛ ኦክሳና ቹሶቪቲናን በስልኳ አሳየችኝ። በ46 ዓመቷ፣ የልጅ እናት ሆና፣ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ስትዘል። ስምንተኛ ኦሊምፒኳ ነበር። «እርሷ ግን እንደ እርስዎ ለ24 ዓመት አልተወችውም። ስለዚህ ራስዎን ከእርሷ ጋር አያወዳድሩ፣ ከሕፃናቱ ጋር ይሁኑ» አለችኝ። እውነቱን መናገሯ ከማንኛውም ማበረታቻ በላይ ጠቀመኝ። ከስምንት ወር በኋላ፣ ያለ ግድግዳ፣ እስከ ስድስት ስትቆጥርልኝ በእጄ ቆምኩ። ስወርድ አቅፌያት አለቀስኩ።

ፍራሾቹ ያረጁ ናቸው፤ ነገር ግን በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ ታሰጣቸዋለች። አዋቂዎችን የምታሠለጥነው ማክሰኞና ቅዳሜ ከጠዋቱ 12:30 ጀምሮ ነው፤ ያረፈደ ሰው ማሟሟቂያው ስለሚያልፈው ዕለቱን አታሠራውም። ትክክል ናት። ስሟንና ስልኳን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቀችኝ፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አገናኛችኋለሁ። የቆየ ሕመም ካለባችሁ በመጀመሪያው ቀን ሳትደብቁ ንገሯት።

አሰልጣኜ፣ እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ትንሿን ልጄን ይዤ እመጣለሁ።