የእሁድ ገበያ በነፍስ ወከፍ ስንት ብር ያተርፋል? ከቤታችን ደብተር

የአስቤዛ ወጪያችንን በደብተር መጻፍ የጀመርኩት ጥቅምት 2017 ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደሞዜ የት እንደሚገባ ማወቅ አቅቶኝ ነበር። ቤት ውስጥ አምስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና እማማ፣ የባለቤቴ እናት። የቤት ዕቃና ልብስ አልቆጠርኩም። የጻፍኩት ተበልቶ፣ ታጥቦበት ወይ ነዶ የሚያልቀውን ብቻ ነው፦ ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ሽሮ፣ ስኳር፣ ቡና፣ ኦሞ፣ ላርጎ፣ ሶፍት፣ ሞዴስ፣ ከሰል።

በመጀመሪያው ወር ሁሉንም ከሰፈር ሱቅና ከጉሊት ገዛን። 12,600 ብር ወጣ። ለአምስት ሲካፈል 2,520 ብር በነፍስ ወከፍ። ጤፉ ብቻ 40 ኪሎ፣ 5,400 ብር! የስታትስቲክስ አገልግሎት ግሽበት ሲያሰላ ከግማሽ በላዩን ክብደት ለምግብ ለምን እንደሚሰጥ የገባኝ ያኔ ነው።

በሚቀጥለው ወር እሁድ ገበያ መውጣት ጀመርን። አዲስ አበባ ላላችሁ አዲስ ነገር አይደለም፤ መንገድ ዳር ድንኳን ይተከላል፣ አይሱዙ ላይ ሽንኩርት ይቆለላል፣ ገበሬ ማህበራትና አከፋፋዮች በቀጥታ ይሸጣሉ። የባጃጁን ጨምሬ ወሩ በ11,350 ብር አለቀ። በነፍስ ወከፍ 2,270 ብር ማለት ነው፣ የ250 ብር ልዩነት። ለእኛ ቤት ይሄ ትንሽ ብር አይደለም።

ግን ሁሉም ነገር እዚያ ይረክሳል ብላችሁ እንዳትወጡ። ካተረፍነው ከግማሽ በላዩ የመጣው ከጤፍና ከሽንኩርት ነው። ጤፉ በኪሎ 12 ብር፣ ሽንኩርቱ 25 ብር ቀነሰልን። ድንች፣ ቲማቲምና ጥቅል ጎመንም ጥሩ ናቸው። ሳሙናና ሶፍት ግን ከሰፈር ሱቅ ብዙም አይለዩም፣ ለእነሱ ብላችሁ ወረፋ አትያዙ። ጤፍ ስትገዙ ደግሞ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እማማ ከጆንያው ትንሽ ዘግነው መዳፋቸው ላይ ያደርጉና እፍ ይሉታል፤ ገለባው ብን ሲል፣ አፈሩ ሲቀር ወዲያው ይታያል። ሁለት ድንኳን አልፈን ሦስተኛው ጋ የገዛነው በዚህ ነው።

ያናደደኝን ልንገራችሁ። አንድ ቀን 5 ኪሎ ሽንኩርት ገዝቼ ቤት ስመዝነው 4 ኪሎ ከ600 ሆነ፣ ከስር ያለውም የበሰበሰ ነበር። ከረፋዱ 5 ሰዓት አልፎ ስለሄድኩ መልካም መልካሙ ተለቅሞ አልቋል፣ እሱ የኔ ጥፋት ነው። የሚዛኑ ግን የማንም ጥፋት መሆን አልነበረበትም። በየገበያው መግቢያ ገዢ ራሱ የሚመዝንበት አንድ ትክክለኛ ሚዛን ቢቀመጥ ምን ይከብዳል? ያን ያህል ወጪ የለውም፣ እባካችሁ የሚመለከታችሁ አስቡበት። ከዚያ ወዲህ የምወጣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ ሽንኩርቱንም ራሴ እየመረጥኩ ነው የማስመዝነው።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። ጎረቤታችን በቀን ሥራ ሦስት ልጅ የሚያሳድጉ እናት ናቸው። ዘይት የሚገዙት በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው፣ 140 ብር። እኛ 5 ሊትሩን ጀሪካን በ1,200 ስንገዛ ሊትሩ 240 ይደርሰናል፤ ለእሳቸው 280። ያው ዘይት ነው! ስኳሩም ኦሞውም እንደዚሁ ነው፣ በትንሽ በትንሹ የሚገዛ ሰው ለእያንዳንዱ ነገር ይበልጥ ይከፍላል። ባለቤቴ እሁድ ገበያ አብረን እንውጣ ስትላቸው፣ «ልጄ፣ በአንዴ 1,200 ብር ከየት አመጣለሁ?» አሏት። እሁድ ገበያው ርካሽ የሚሆነው ጀሪካኑን በአንዴ መክፈል ለሚችል ሰው ነው፣ ይሄን ደብተሬ ላይ ባልጽፈው ኖሮ አላስተውለውም ነበር።

አሁን ከግቢያችን አራት ቤት ሆነን ገንዘብ እናዋጣለን። አንድ ሰው ይወጣል፣ ጀሪካኑን አምጥቶ በሊትር ይቀዳል፣ ሽንኩርቱም ይመዘናል። የሳቸው ድርሻ ሁለት ሊትር ነው፣ ብሩንም በሳምንት በሳምንት ይሰጡናል። የፊታችን እሁድ ተራው የኔ ነው።