«ሰን» ተብሎ የተጻፈበትን ትንሽ ጥቁር መስታወት እንዳትገዙ

ከሱቁ ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። ጽሑፉ ወዲያ ወዲህ ካለ ይቅርታ። ነገ ረጋ ብዬ ብጽፈው ይሻል ነበር፤ ግን ነገ ከጻፍኩት አለሳልሰዋለሁ። ማለሳለስ ደግሞ አልፈልግም።

ነገሩ ይሄ ነው። ለፀሐይ ፎቶ ብዬ ከአንድ የቴሌስኮፕ መሸጫ የገዛሁት ማጣሪያ፣ ያ በእንግሊዝኛው «ሰን» (ፀሐይ) የሚል ጥቁር መስታወት፣ ሥራ ላይ እያለ ለሁለት ተሰነጠቀ። የካሜራዬንም ሴንሰር፣ ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገውን ክፍል፣ ይዞት ሄደ።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። እሱን ባታውቁት እንኳ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ጥያቄህን ሳትጨርስ «ገባኝ፣ ገባኝ» የሚለው። «ይሄ ፕሮፌሽናል ነው» የሚለው። «እኔ ራሴ ቤት ያለኝ እሱ ነው» የሚለው። በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሁለት ፍሬ ነው የቀረው» የሚለው። ሁለት ፍሬ! መሳቢያው ሙሉ እንደነበር ያየሁት ዛሬ ነው።

ለዚህ ነገር አዲስ አይደለሁም፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ፀሐይን ማንሳት ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል። መጀመሪያ ምስሏን በቴሌስኮፕ ነጭ ወረቀት ላይ እየጣልኩ ወረቀቱን ነበር የማነሳው። ቀጥሎ 14 ቁጥር የብየዳ መስታወት ሌንሴ ፊት አስሬ ሞከርኩ። ፀሐይ አረንጓዴ ሆና ትወጣለች። ቀለሟን በኮምፒውተር መመለስ ይቻላል፤ የደበዘዘውን ጠርዝ ግን ማንም አይመልሰውም፣ መስታወቱ ለዓይን መከላከያ እንጂ ለጥራት የተሠራ አይደለማ። ከዚያ በኋላ የቀረኝ የፀሐይ ማጣሪያ ፊልሙ ነበር። ያ እንደ ብር የሚያብለጨልጨው፣ ከ100,000 እጅ ብርሃን አንዱን ብቻ የሚያሳልፈው፣ ቴሌስኮፑ አፍ ላይ የሚገጠመው። ወደ ሱቁ የሄድኩትም ፊልም ልገዛ ነው። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ በራሴ እጅ «ማጣሪያ ሁልጊዜ ከፊት!» ብዬ ጽፌ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ደብተሩ አሁን አጠገቤ ነው። ላየው አልፈልግም።

ሰውየው ፊልሙን አወጣው። በሁለት ጣቱ ይዞ ጆሮዬ አጠገብ አንኮሻኮሸው። «ይሄ የከረሜላ መጠቅለያ ነው» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ለምን እንደሳቅኩ አላውቅም። ምናልባት ጀማሪ እንዳልመስል። ፊልሙ መጨማደዱ ለምስሉ ምንም እንደማይል፣ እንዲያውም ወጥሮ መግጠም እንደማይመከር አንብቤ ነበር። ግን ሳቅኩ።

ከዚያ መሳቢያ ከፈተና ትንሿን መስታወት መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። በብረት ቀለበት የታሰረች፣ ድቅድቅ ጥቁር፣ ቀለበቷ ላይ «ሰን» ተብሎ የተቀረጸባት። ክብደቷ ነው ያታለለኝ። ፊልሙ ክብደት የለውም፤ ይቺ ግን መዳፍ ላይ ቁጭ ስትል ዕቃ ትመስላለች። «ካሜራ ማገናኛህ ላይ ትጠመዘዛለች፣ በቃ ጨረስክ» አለኝ።

«ግን ይቺ ከኋላ እኮ ነው የምትገባው። ሙቀቱስ?» አልኩት።

አልኩ! ጠየቅኩ! ቢያንስ ይሄን ያህል አላበድኩም።

«ለሙቀት የተሠራች ናት» አለ። እኔም አመንኩ። ለሙቀት የተሠራች ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከፍዬ ወጣሁ።

የኔ ቴሌስኮፕ ትንሽ ናት። የፊት ሌንሷ 70 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርዝመቷ 700። ጥርት ባለ ሰማይ በዚያ አፍ የሚገባው የፀሐይ ኃይል 4 ዋት ቢጠጋ ነው። ሲሰሙት ምንም አይመስልም። ግን ያ ሁሉ ወደ ታች እየጠበበ ሄዶ ከ7 ሚሊሜትር በማታልፍ ክብ ላይ ይከማቻል። እዚያ ጋ ብርሃኑ ከ100 ጊዜ በላይ በርትቷል። ልጅ ሆነን በማጉያ መነጽር ወረቀት ያቃጠልን ሁላችን እናውቀዋለን። ፊልሙ ብርሃኑን ገና ከመግባቱ፣ ሳይጠራቀም ነው ወደ ውጭ የሚመልሰው። ይቺ ጥቁር መስታወት ግን የምትቀመጠው ወረቀቱ በሚቀጣጠልበት አካባቢ ነው። ያውም አትመልሰውም፤ ትጠጣዋለች። መሐሏ ይግላል፣ ይለጠጣል፤ በብረት የታሰረው ጠርዟ ግን ቀዝቃዛ ነው፣ አይከተላትም። ከዚያ የሚሆነው ይታወቃል። ይሄን አሁን እንደ አስተማሪ ስዘረዝረው ራሴን እታዘባለሁ። ያኔም አውቀው ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ሰማዩ እንከን የለውም። ፀሐይም በ11 ዓመት ዙሯ ጥቁር ነጠብጣብ የማይጠፋባት ጊዜ ላይ ናት። ቴሌስኮፑ ጎን ያለችውን ትንሿን መፈለጊያ መነጽር በፕላስተር ሸፍኛለሁ፤ ማንም ሳያስበው ዓይኑን እንዳያስጠጋባት ብዬ። ጥንቃቄዬን አያችሁ? በትንሹ ተጠንቅቄ በትልቁ ተኛሁ።

ሴንሰሩ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ሚረርለስ ካሜራ ነው ያለኝ። ማጣሪያዋን ማገናኛው ላይ ጠመዘዝኩ፣ ካሜራውን ሰካሁ፣ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ገባች። ቢጫ፣ ክብ፣ ጠርዟ አካባቢ ሦስት ነጠብጣብ ተደርድሮባት። ከኋላዬ የዘጠኝ ዓመቷ የእህቴ ልጅ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ «መቼ ነው በዓይኔ የማየው?» እያለች ትነዘንዘኛለች። «አንድ ፎቶ ላንሳና ካሜራውን ነቅዬ አሳይሻለሁ» አልኳት። ከአንድ ቀን በፊት እኔ በዚያችው ማጣሪያ በዓይኔ ግማሽ ደቂቃ አይቻለሁ።

አምስት ደቂቃ ያህል ፎከስ ሳስተካክል ቆየሁ። ከዚያ «ቀጭ» አለ። ጥፍር ሲቆረጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ። በቃ፣ ይሄን ታህል። ስክሪኑ ነጭ ሆነ።

እኔ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ሹተሩን ማፍጠን ጀመርኩ። ብርሃን የበዛው በካሜራው ቅንብር መስሎኝ። 1/1000፣ 1/2000፣ 1/4000 እያልኩ መንኮራኩሩን ሳዞር፣ ፀሐይ ያለ ከልካይ ሴንሰሩ ላይ ተቀምጣለች። አራት፣ አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ነቃሁና ቴሌስኮፑን በክርኔ ገፍቼ አዞርኩት። ልጅቷ «ምን ሆነ?» አለች። ምንም አላልኳት። ዓይን ውስጥ ያለው ሬቲና ሲቃጠል ሕመም አይሰማውም። እሷ ብትሆን ኖሮ «አመመኝ» ብላ እንኳ ዞር አትልም ነበር። ይሄን ሳስበው ነው እጄ የሚቀዘቅዘው።

ካሜራው ግን ተነሳ፣ ሠራ። ተመስገን አልኩ። በማግስቱ አንድ ወዳጄ ቁራጭ ፊልም ሰጠኝ። ከካርቶን ክዳን ሠርቼ ቴሌስኮፑ አፍ ላይ ገጠምኩ። ፀሐይ ጥርት ብላ መጣች። በሕይወቴ እንዲህ አድርጌ አንስቻት አላውቅም። መሐሏ ላይ ደግሞ አንድ ግዙፍ ነጠብጣብ! መሐሉ ጥቁር፣ ዙሪያው ፈካ ያለ፣ ልክ በሥዕል እንደሚታየው። ለካሁት። ፀሐይ ከዳር እስከ ዳር 109 መሬት ታሰልፋለች፤ በዚያ ሒሳብ የኔ ነጠብጣብ 15 መሬት ያህል ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ዓለምን ጉድ ያሰኘው የነጠብጣብ ቡድን ነው ይሄን የሚያህለው። እልል ማለት ነበር የቀረኝ። ለሦስት ሰው ላክሁ።

ከዚያ ቴሌስኮፑን ትንሽ አንቀሳቀስኩ። ፀሐይ ወደ ግራ ሄደች። ነጠብጣቡ አልሄደም።

ካሜራውን ነቅዬ፣ ተራ ሌንስ ገጥሜ፣ የቤቴን ግድግዳ አነሳሁ። ግድግዳው ላይም አለ። ያው መሐሉ ጥቁር፣ ዙሪያው ፈካ ያለ።

ዛሬ ጠዋት ስብርባሪውን በወረቀት ጠቅልዬ፣ ካሜራውን አንግቤ ሄድኩ። ያው ሰውዬ ነው ያለው። ከጎኑ ሌላ ሠራተኛ ስልኩን እየነካካ ተቀምጧል። ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ፈታሁት።

አልደነገጠም። ይሄን ልብ በሉልኝ። የሸጠው ዕቃ ለሁለት ተከፍሎ ፊቱ ቀርቦለት ቅንድቡ እንኳ አልተነሳም።

«ስንት ደቂቃ ያዝካት?» አለኝ።

«አምስት።»

«አምስት!» ወደ ጓደኛው ዞረ። «አምስት ደቂቃ ፀሐይ ላይ!» ጓደኛው ከስልኩ ቀና ሳይል ፈገግ አለ።

«ፀሐይ ላይ ካልሆነ ምን ላይ ላድርጋት? ሰን ይላል እኮ» አልኩ።

«ወንድሜ፣ ፀሐይ እኮ ናት። ሻማ መሰለችህ?»

እኔ መልስ ስፈልግ፣ እሱ ሁለቱን ስባሪ በመዳፉ ጠርዝ ሰበሰበ። ጎንበስ ብሎ ታችኛውን መሳቢያ ከፈተ። ከውስጡ አንድ አሮጌ የሌንስ ካርቶን አወጣና የኔን ስባሪ ወደ ውስጥ ለቀቀው። ቅጭል አለ። መስታወት መስታወት ላይ ሲወድቅ።

አንገቴን አስግጌ አየሁ። ካርቶኑ ግማሽ ድረስ ጥቁር ስባሪ ነው። ለሁለት የተከፈለ አለ፣ ለሦስት የተከፈለ አለ፣ ከነቀለበቱ የተሰነጠቀ አለ። ቀለበቶቹ ላይ ሰን፣ ሰን፣ ሰን ይላል። አልቆጠርኩም። ምን ያስቆጥራል? ከካርቶኑ ጎን ደግሞ አዲሶቹ፣ ያልተነኩት፣ በላስቲካቸው እንዳሉ ተደርድረዋል። አንድ መሳቢያ ውስጥ። ለሚቀጥለው ሰው አዲሷን ሲያወጣ እጁ የተሰበሩትን አልፎ ነው የሚሄደው። እኔ የመጣሁ ቀንም እንደዚያው ነበር ማለት ነው። «ለሙቀት የተሠራች ናት» ሲለኝ ካርቶኑ እግሩ ሥር ነበር።

ማየቴን አየ። መሳቢያውን በጉልበቱ ገፋና ዘጋው። እጁን እንኳ አላስቸገረም።

«ዋስትናውስ?» አልኩ። ድምፄ እንደ ተማሪ ቀጥኖ ነበር።

«ዋስትና የፋብሪካ ችግር ሲሆን ነው። ይሄ የአጠቃቀም ነው።»

«ካሜራዬስ?»

«ካሜራውን እኛ አልሸጥንልህም።»

ቀጥሎ ያደረገውን አታምኑም። ፊልሙን አወጣ። ያንኑ የከረሜላ መጠቅለያ። አሁን አላንኮሻኮሸውም፤ በሁለት እጁ እንደ ሐር ዘረጋው። «ይሄን ውሰድ፤ አሁን ሁሉም የሚጠቀመው ይሄን ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ዋጋውን ጠየቅኩት። ምላሴን በቆረጠው! ከልማድ ነው። ሲነግረኝ ነው የነቃሁት። ሳልሰናበት ወጣሁ፤ በሩንም ልወረውረው ብል ራሱን በራሱ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ዓይነት ሆነብኝ።

ለጥገና ጠይቄአለሁ። ሴንሰር ከማስቀየር ሌላ ካሜራ ይሻልሃል አሉኝ።

እናንተ እንግዲህ፦ ማጣሪያ ከፊት፣ በንፋስ የማይወልቅ ሆኖ። ለፎቶ ብቻ የሚሸጠው ፊልም ለዓይን ከሚሆነው 16 ጊዜ ያህል አብዝቶ ብርሃን ስለሚያሳልፍ በዓይን አይሞከርም፤ ስትገዙ የቱ እንደሆነ ለዩ። ትንሿ ጥቁር መስታወት ከቴሌስኮፕ ጋር በነፃ መጥታላችሁም ከሆነ ለማንም አትስጡ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በመዶሻ ስበሯት። ደረሰኛችሁንም ሱቁ ውስጥ እያላችሁ አንብቡት። የኔን አሁን ከኪሴ አውጥቼ ሳየው «የፀሐይ ማጣሪያ» አይልም። «ልዩ ልዩ ዕቃ፣ 1 ፍሬ» ነው የሚለው።