ለጠጅና ለጠላ ድስታችሁ የትኛው ቫልቭ፣ የትኛው ጎማ?

የምጠምቀው ለገጣፎ፣ ግቢዬ ጥግ ላይ በቆርቆሮ በተከለለች ቦታ ነው። ባለ 50 ሊትር ስቴንለስ ድስት፣ ሁለት የፕላስቲክ በርሜልና አንድ ትልቅ የጋዝ ምድጃ አለኝ። ፓምፕ የለኝም። መብራት መቼ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ሁሉንም ነገር በከፍታ ነው የማወርደው፤ ድስቱ ከላይ፣ በርሜሉ ከታች፣ መሃል ላይ ጎማ። እንዲህ ለሚሠራ ሰው ቫልቭና ጎማ መምረጥ ድስት ከመምረጥ አያንስም። ፈሳሹን የሚገፋው የራሱ ክብደት ብቻ ስለሆነ መንገዱ ከጠበበ ወይ ከተደፈነ ሥራው ሁሉ ይቆማል።

መለኪያዬ አንድ ነው። ዕቃው ተፈትቶ ይታጠባል ወይ?

እዚህ ላይ የደረስኩት አንድ ድስት ሙሉ ጠጅ ካበላሸሁ በኋላ ነው። አክስቴ ቀመሰችና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ኮምጥጧል፤ ዕቃህን በደንብ አጥበኸዋል?» አለችኝ። አጥቤያለሁ አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ድስቱንም በርሜሉንም በሙቅ ውሃ አሽቼ አጥቤያለሁ። በነጋታው ቫልቩን ነቅዬ በሽቦ ስጎረጉረው ግን ውስጡ ካለችው የመዝጊያ ኳስ ጀርባ የከረመ ጌሾና አምቡላ ወጣ፣ ሽታው አያድርስ ነው። አክስቴ ጋኗን በግራዋ አሽታ አጥባ በወይራ ታጥነዋለች፣ እጇ የማይደርስበት ቦታ የለም። ቫልቭ ውስጥ ግን እጅ አይገባም። የሚፈታ ካልሆነ በቀር።

ስለዚህ ከቫልቩ ልጀምር።

ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰጧችሁ ሳራቺኒስካ ወይም ቦል ቫልቭ ነው። ሳራቺኒስካው እየተሽከረከረ የሚዘጋው ነው። ለሮቶ ውሃ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ለመጠጥ ግን አይሆንም። ውስጡ ጉድጓድና ስርጓጉጥ ይበዛዋል፣ ጌሾና ብቅል እዚያ ይቀመጣል። ደግሞ ክፍት ይሁን ዝግ በዓይን አይታወቅም። ቦል ቫልቭ እጀታው ከቧንቧው ጋር ትይዩ ከሆነ ክፍት ነው፣ ከተሻገረ ዝግ። ትኩስ ድስት ሥር ለሚሠራ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ቦል ቫልቭ ራሱ ሦስት ዓይነት ነው። ባለ አንድ አካሉ በጣም ርካሹ ነው፤ ግማሽ ኢንች ተብሎ ይሸጥና የኳሷ ቀዳዳ ግን ብዙውን ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለጠላ ድፍድፍ አታስቡት፣ በሁለት ደቂቃ ይደፈናል። ጠጄን ያበላሸብኝም እሱ ነው፣ አይፈታም። ባለ ሁለት አካሉ ቀዳዳው ሰፋ ይላል፣ ሙሉ ቀዳዳ ያለውን ካገኛችሁ ወደ 15 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በሁለት መፍቻ ይከፈታል፤ ግን ፋብሪካው ስለሚያጠብቀው አንዳንዱ እምቢ ይላል፣ ደጋግማችሁ ስትፈቱትም ማንጠባጠብ ይጀምራል። ባለ ሦስት አካሉ በአራት ብሎን የተያዘ ነው። ብሎኖቹን ስታላሉ መሃሉ ወጥቶ እጃችሁ ላይ ይቀራል፤ ኳሷን፣ ሁለቱን ነጭ የቴፍሎን ቀለበቶች፣ ሁሉንም በብሩሽ ታጥቡና ትመልሱታላችሁ፣ ድስቱ ላይ የተጠመደው ክፍል ሳይነካ። ውድ ነው። ቢሆንም ለአንድ ዕቃ ብቻ ገንዘብ አውጡ ብባል የምመርጠው ይሄን ነው። ድስታችሁ ሥር አንድ ባለ ሦስት አካል አድርጉና በሌላው ላይ ቆጥቡ።

ለበርሜሉ ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። ቀዝቃዛ ነገር ብቻ ስለሚይዝ ጎማ ቀለበትና ማጥበቂያ ያላት የፕላስቲክ ቧንቧ ትበቃዋለች። በእጅ ትፈታለች፣ ትታጠባለች፣ ስታረጅ ትጣላለች። ትኩስ ነገር ብቻ አታሳልፉባት።

አሁን ስለ ብረቱ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው።

ዚንክ የተቀባውን የውሃ ቧንቧ ዕቃ፣ ጎሚቶም (ማጠፊያው) ይሁን ኒፕል (አጭሩ ባለ ጥርስ መቀጠያ)፣ ጠጅና ጠላ እንዳይነካው። ሁለቱም ኮምጣጣ ናቸው፣ ፒኤቻቸው (የአሲድነት መለኪያው) ከ5 በታች ነው፣ አሲድ ደግሞ ዚንክን ያሟሟዋል። ብዙ ዚንክ የገባበት መጠጥ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል። እዚህ ላይ ድርድር የለም። ናስ መሃል ላይ ነው። ተራው ናስ በቀላሉ እንዲቆረጥ ትንሽ እርሳስ ይጨመርበታል። ለውሃና ገና ላልኮመጠጠ ነገር ለአጭር ጊዜ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፤ ቀናት ሙሉ ኮምጣጣ መጠጥ የሚነካው ቦታ ላይ ግን እኔ አላደርገውም፣ ልጆች ያሉበት ቤት ስለሆነ ደግሞ የባሰ እጠነቀቃለሁ። 304 የሚባለው የስቴንለስ ዓይነት ከሆነ አሳብ የለም።

ችግሩ ስቴንለስ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ስቴንለስ አለመሆኑ ነው። መርካቶ አንድ ሱቅ «ወንድሜ፣ ይሄ ንጹሕ ስቴንለስ ነው» ብለው የሸጡልኝ ኒኬል የተቀባ ናስ ሆኖ ተገኘ። ብዙ ሰው ማግኔት ይዞ ይሄዳል። ማግኔት የሚያጋልጠው ላዩ የተቀባውን ብረት ነው፣ ናስን አይስብም፤ ስለዚህ የተቀባ ናስ ማግኔቱን አታሎ ያልፋል። ርካሹ 201 የሚባለው ስቴንለስም እንደዚያው፤ ከ304 ቶሎ ይዝጋል እንጂ ማግኔት አይለየውም። እኔ አሁን ትንሽ ሞረድ ኪሴ ውስጥ እይዛለሁ። ባለ ሱቁን አስፈቅዳችሁ ከማይታይበት ጥርስ ላይ ጫር አድርጉት። ቢጫ ከወጣ ናስ ነው። ሞረድ አላስነካም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። አካሉ ላይ 304 ወይም 316 የሚል የተቀረጸ ጽሑፍ ካለ መልካም ነው፣ ብቻውን ግን አትመኑት።

አሁን ደግሞ ጎማዎቹን እርስ በርስ ላወዳድር። አረንጓዴው የአትክልት ጎማ ርካሽ ነው፣ ግን ለምግብ የተሠራ አይደለም፤ ሽታው ጠጁ ውስጥ ይገባል፣ በሙቀት ደግሞ ይብሳል። ግልጹ የምግብ ፒቪሲ ጎማ ለቀዝቃዛ ነገር ጥሩ ነው። ውስጡ ስለሚታይ ቆሻሻ ካለ ታዩታላችሁ፣ ጠጁ መጥራቱንም እንዲሁ። ግን ከ60 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ይለሰልሳል፣ ትኩስ ሲያልፍበት ከመሰኪያው ይወልቃል። እኛ ጋ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ እና «እዚህ እኮ 100 አይደርስም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አዎ አይደርስም። ለፒቪሲ ግን 92ም ያው ነው፣ ለእግራችሁም ያው ነው።

ለትኩሱ ሲሊኮን ነው። ከ200 ዲግሪ በላይ ይችላል፣ መቀቀል ይቻላል፣ ሽታ አይዝም። ጉድለቱ ልስላሴው ነው፤ ግድግዳው ቀጭን ከሆነ ሲታጠፍ ይዘጋል፣ ስለዚህ ግድግዳው 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነውን ምረጡ። አየርም ያሳልፋል፣ ለደቂቃዎች ማውረጃ ምንም አይደለም፣ ጠጅ ውስጡ ተኝቶ እንዲያድር ግን አትተዉት። ሲሊኮን ካጣችሁ የወተት ማለቢያ ማሽን ዕቃ የሚሸጡ ቦታዎች ጠይቁ፣ ለምግብ የተሠራ ጎማ እዚያ ይገኛል።

ስፋቱንም አትናቁት። ከ10 ሚሊ ሜትር ወደ 13 ሚሊ ሜትር ስትሄዱ የመተላለፊያው ስፋት 70 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ፓምፕ ለሌለው ሰው ይሄ የግማሽ ሰዓትና የአሥር ደቂቃ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ለጠላ 13፣ ለጠራ ጠጅ 10ም ይሆናል።

መገናኛውን በሚመለከት፣ በጣም ርካሹ ጥርስ ጥርስ ያለው መሰኪያና በብሎን የሚጠብቅ ክላምፕ ነው። አያፈስም፣ ብዙም አይበላሽም። በጠመቃ መሃል ጎማ መቀየር ለሚያበዛ ሰው ግን ያሰለቻል፣ ትኩስ እያለ መፍታት ደግሞ አደገኛ ነው። ካምሎክ የሚባለው ባለ ሁለት ጆሮ ነው፤ ትሰኩታላችሁ፣ ጆሮዎቹን ታጥፋላችሁ፣ አለቀ። ለቫልቩ ኤፍ የሚባለውን፣ ለጎማው ሲ የሚባለውን ስትገዙ ይገጣጠማሉ። ውስጡ ያለችው ጥቁር የጎማ ቀለበት ሽታ ስላላት በሲሊኮን ቀይሯት። ትራይ ክላምፕ ከሁሉም ንጹሕ ነው፣ ጥርስ የለውም፣ ቆሻሻ የሚደበቅበት ስንጥቅ የለውም፣ የቢራና የወተት ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት እሱን ነው። ግን ብዙውን ጊዜ ድስቱ ላይ በአርጎን ይበየዳል፣ እያንዳንዷ ቁራጭም ውድ ናት። በወር አንድ ጊዜ ለሚጠምቅ ሰው አልመክረውም። እኔ ትኩሱ ላይ ካምሎክ፣ ቀዝቃዛው ላይ ክላምፕ ነው የምጠቀመው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ዘመድ ከአሜሪካ ይዞ ከመጣው ዕቃ ጋር እዚህ የገዛችሁትን አታጋጥሙ። የሁለቱም ግማሽ ኢንች በአንድ ኢንች 14 ጥርስ አለው፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ዙር ሰተት ብሎ ይገባል። የእኛው ጥርስ ማዕዘን ግን 55 ዲግሪ ነው፣ የእነሱ 60። የቱንም ያህል ቴፍሎን ብትጠቀልሉ ውሎ አድሮ ያፈሳል፣ አጥብቃችሁ ከገፋችሁት ደግሞ ጥርሱ ይበላል። ስትለኩም ግማሽ ኢንች ማለት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው ብላችሁ አትሳሳቱ፤ የወንዱ ጥርስ ውጪው 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የሦስት ሩብ ኢንቹ ደግሞ 26። ድስታችሁን ይዛችሁ መሄድ ካልቻላችሁ አሮጌውን ኒፕል ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ቴፍሎኑን በጥርሱ አቅጣጫ ከአራት እስከ ስድስት ዙር ጠቅልሉ። ካናፓ (የቧንቧ ሠራተኞች ጥርስ ላይ የሚጠቀልሉት ቃጫ) ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ረጥቦ ይቀራል፣ ይሸታል። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ድስቱን በውሃ ሞልታችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት፣ ሥሩ ደረቅ ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ ውሃውን አፍሉና እንደገና እዩት፣ በቀዝቃዛ የማያፈስ በሙቅ የሚያፈስ አለና። ከዚያ በኋላ ማሩን አምጡ።