በር ላይ የተንጠለጠለው ወረቀት፦ የፍሳሽ መስመር የጭስ ፍተሻ ሲመዘን

አሜሪካ የሚኖር ሰው አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ የበሩ እጀታ ላይ ወረቀት ተንጠልጥሎ ያገኛል። በሰፈሩ የፍሳሽ መስመር ላይ የጭስ ፍተሻ ሊደረግ ነው፤ ጭስ ከጣራ ወይም ከመሬት ሲወጣ ቢያይ እንዳይደነግጥ ይላል። ብዙ ሰው እንደ ፒዛ ማስታወቂያ አገላብጦ ይጥለዋል። ጣጣው የሚመጣው በማግስቱ፣ ከአገር ቤት መጥተው የልጅ ልጅ የሚጠብቁ እናት ቤዝመንት ወርደው ነጭ ጭስ ከወለሉ ሲትጎለጎል ሲያዩ ነው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ሥራው ጠቃሚ ነው፤ በአግባቡ ከተሠራ ለጤነኛ ሰው አያሰጋም፤ ነዋሪውንም ምንም አያስከፍልም። ነጥብ የምንቀንስበት ማስታወቂያው ላይ ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ሠራተኞቹ መንገድ ላይ ያለውን ማንሆል ይከፍቱና አፉ ላይ ብሎወር የሚባለውን ባለሞተር ማራገቢያ ያስቀምጣሉ። የሚፈተሸውን ክፍል ከቀረው ለመለየት ግራና ቀኝ ያሉትን ማንሆሎች በአሸዋ ከረጢት ወይም በጎማ መድፈኛ ይከልላሉ። ጭሱ በዋናው መስመር ሄዶ ወደየቤቱ በሚገባው ቧንቧ ይዞርና ጣራ ላይ ባለው የአየር መተንፈሻ ይወጣል። በትናንሾቹ መስመሮች ከማንሆል እስከ ማንሆል ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ ከ400 ጫማ አይበልጥም፤ ስለዚህ አንዱ ክፍል በደቂቃዎች ይሞላል። ሠራተኞቹ ግቢ ለግቢ እየተዘዋወሩ ጭስ የወጣበትን ሁሉ ፎቶ ያነሳሉ፣ ይመዘግባሉ። የአየሩ ግፊት በጣም ትንሽ ስለሆነ ውሃ የያዘ ሲፎን (ከመውረጃ ሥር ያለ ጠማማ ቧንቧ) ጥሶ አያልፍም። ይህቺን ነጥብ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

የሚፈልጉት የዝናብ ውሃ የሚሰርግበትን ቦታ ነው። በተሰነጠቀ ቧንቧ፣ ክዳኑ በጠፋ ክሊንአውት (ቧንቧው ሲደፈን የሚጠረግበት አፍ)፣ ከፍሳሽ ጋር በተገናኘ የጣራ አሸንዳ የገባ ዝናብ መስመሩን ይሞላዋል፤ ከዚያ ፍሳሹ በማንሆል ገንፍሎ ወደ ወንዝ ይሄዳል፣ ወይም ወደ ቤዝመንት ይመለሳል። የ1972ቱ የንጹሕ ውሃ ሕግ ይህን ስለሚከለክል ብዙ ከተሞች በፍርድ ቤት ስምምነት መስመራቸውን እንዲያድሱ ተገደዋል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በሜሪላንድ የሞንትጎመሪና የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች የፍሳሽ አገልግሎት የሚሰጠው ደብሊው ኤስ ኤስ ሲ በ2005 እንዲህ ያለ ስምምነት ገብቷል፤ የፍሳሽ ቧንቧው ከ5,000 ማይል ይበልጣል። ያንን ሁሉ ቆፍሮ ማየት አይታሰብም። ካሜራ የቧንቧውን ሆድ ያሳያል እንጂ የማን አሸንዳ የት እንደተቀጠለ በቀላሉ አይናገርም፤ ጭስ ግን ከአሸንዳው ጫፍ ሲወጣ በዓይን ይታያል። ስለዚህም አንቃወመውም።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ፤ ጭሱ ሰው ይጎዳል ወይ? ወረቀቱ አብዛኛውን ጊዜ «መርዝ የለውም፣ አያቆሽሽም» ብሎ ያልፋል። ይህ አነጋገር በቂ አይደለም። በሥራ ላይ ያለው ጭስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፈሳሽ ጭስ የሚሉት ነው፤ የተጣራ የማዕድን ዘይት በሞተሩ የጭስ ማውጫ ሙቀት ተንኖ ነጭ ጉም ይሆናል። ሁለተኛው የሚለኮስ የጭስ ሻማ ወይም ቦምብ ነው፤ ከብዙዎቹ የሚወጣው ጭስ ዚንክ ክሎራይድ አለበት። ሜዳ ላይ ሲበተን ሁለቱም ችግር የላቸውም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲታፈን ግን የዚንክ ክሎራይድ ጭስ ዓይንና ጉሮሮ ይለበልባል፤ መጠኑ ከበዛ ሳንባን ይጎዳል። የዘይቱም ጉም ቢሆን አስም ያለበትን ሰው ሊያስለውና ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል። በዚያ ላይ ጭሱ ቤት ሲገባ ብቻውን አይመጣም፤ መስመሩ ውስጥ የነበረውን የፍሳሽ ጋዝ፣ አንዳንዴም የሞተሩን ጭስ ይዞ ይገባል። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርማችሁን ባትሪ ከፍተሻው በፊት ሞክሩት።

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር ደውሉና ጠይቁ፦ የሚጠቀሙት ፈሳሽ ነው ወይስ ሻማ? የምርቱን የደኅንነት መረጃ ወረቀት በኢሜይል ሊልኩልን ይችላሉ? ይህን በአንድ የስልክ ጥሪ የሚመልስ አገልግሎት ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። ቤት ውስጥ አስም ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት፣ ኦክስጅን የሚጠቀም፣ ከአልጋ የማይነሳ ሰው ወይም ጨቅላ ካለ ያንኑ ጊዜ አስመዝግቡ፤ ሠራተኞቹ ወደ እናንተ መንገድ ከመድረሳቸው በፊት በር እንዲያንኳኩ ወይም እንዲደውሉ ጠይቁ። በጎጆ የምታኖሩት ወፍ ካለም ለዚያ ሰዓት ከቤት አውጡት፤ የወፍ ሳንባ ለጭስ ስስ ነው።

አሁን ወደ ሲፎኑ። ከእያንዳንዱ ሲንክና መውረጃ ሥር ተጠማዝዞ የሚሄደው ቧንቧ ውስጥ ሁልጊዜ ውሃ ይቀራል። በአሜሪካ የቧንቧ ኮድ ጥልቀቱ ከ2 እስከ 4 ኢንች ነው። ቤታችሁን ከፍሳሽ ጋዝ የሚለየው ይህቺ ውሃ ናት፤ ሌላ መዝጊያ የለም። ማንም የማይጠቀምበት መውረጃ ግን ውሃው ቀስ በቀስ ይተናል፤ ማሞቂያ በሚሠራበት ወቅት ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። በየቤቱ የሚረሳው አንድ ቦታ ነው፦ ቤዝመንት ውስጥ ቦይለሩ ወይም የልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለው የወለል መውረጃ። ካርቶን ወይም ምንጣፍ ተጭኖበት ዓመት ይቆያል። ካርቶኑን አንሱትና የስልካችሁን መብራት ቁልቁል አብሩበት። ውሃ ካለ ብርሃኑን መልሶ ያብለጨልጫል። ጥቁር ጉድጓድ ብቻ ካያችሁ ደርቋል ማለት ነው።

በዋዜማው ማታ ለእያንዳንዱ የወለል መውረጃ አንድ ጋሎን ያህል ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፤ ለእንግዳ ሻወር፣ ለማይሠራበት ሲንክና የልብስ ማጠቢያው ውሃ ለሚወርድበት ቧንቧ ግማሽ ጋሎን ይበቃል። የሽንት ቤቶቹን ውሃ አንድ ጊዜ ልቀቁ። እምብዛም የማትጠቀሙበት መውረጃ ላይ ከውሃው በኋላ ሁለት ሦስት ማንኪያ የምግብ ዘይት ብትጨምሩበት ላዩን ስለሚሸፍነው ትነቱ ይዘገያል። ጠዋት ተነስታችሁ እንደገና አብርታችሁ እዩ፤ በአንድ ሌሊት ከጠፋ ሲፎኑ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፣ ቧንቧ ሠራተኛ ያስፈልገዋል። ቤታችሁ ውስጥ የፍሳሽ ፓምፕ ጉድጓድ ካለ የክዳኑን ብሎኖች አጥብቁ። አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ቤት፦ ፍተሻው እስኪያልቅ ዕጣን አታጭሱ፣ ቡናም አትቁሉ። ጭሱ ከየት እንደመጣ መለየት የሚቻለው ሌላ ጭስ ከሌለ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ጭስ ከገባ መጀመሪያ ሰው ይውጣ። መስኮት ከፍታችሁ ወደ ደጅ ውጡ፣ መንገድ ላይ ላሉት ሠራተኞች ንገሩ፤ ብሎወሩ ከቆመና አየር ከገባ ጭሱ ብዙ አይቆይም። የእሳት ይሁን የፍተሻ ካልለያችሁ፣ ሙቀት ወይም የሚቃጠል ላስቲክ ሽታ ካለ፣ ሳትጠራጠሩ 911 ደውሉ። የእሳት አደጋ ክፍሉ ብዙውን ጊዜ ስለ ፍተሻው ቀድሞ ስለሚነገረው ያጣራል። ወረቀት ተሰጥቶናል ብሎ ዝም ማለት ግን አደገኛ ነው፤ በፍተሻ ቀንም እውነተኛ እሳት ሊነሳ ይችላል።

የሚቀጥለው ሥራ ጭሱ የገባበትን ማወቅ ነው፤ ምክንያቱም ያ ቀዳዳ ከፍተሻው በፊትም ነበረ፣ የፍሳሽ ጋዝም በእሱ በኩል ሲገባ ኖሯል። ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ሥር፣ ከወለሉ ጋር ከሚገናኝበት ዙሪያ ከወጣ የሰም ቀለበቱ አልቋል፤ ቀለበቱ የጥቂት ዶላር ዕቃ ነው። ሲንክ ሥር ካለች የፕላስቲክ አየር ቫልቭ ከወጣ ቫልቯ ሳትዘጋ ቀርታለች፤ ብዙዎቹ በእጅ ተፈትተው ይቀየራሉ። ከፓምፕ ጉድጓዱ ክዳን ከሆነ ጎማው ይለወጥ። የኤሲው ጠብታ የሚወርድበት ቀጭን ቧንቧ ያለ ሲፎን በቀጥታ ከፍሳሽ ጋር ተገናኝቶ ከሆነ ጭሱ በማራገቢያው ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል፤ ይህ የሥራ ስህተት ነው፣ ከፍሳሹ መነጠል አለበት። ከሁሉ የሚከብደው ከግድግዳ፣ ከመብራት ማብሪያ ዙሪያ ወይም ከካቢኔ ጀርባ የሚወጣው ነው፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው መተንፈሻ ቧንቧ ተሰንጥቋል ወይም መጋጠሚያው ተለያይቷል። ፈቃድ ያለው ቧንቧ ሠራተኛ የራሱን ትንሽ የጭስ ማሽን ይዞ ቦታውን ያገኘዋል። ይህንን አታሳድሩት። በተለይ ቀድሞም የተበላሸ እንቁላል ሽታ ይመጣ ከነበረ።

ምግብ ቤት ያላችሁ ደግሞ በኩሽና ወለል ላይ ያሉትን መውረጃዎች ሁሉ፣ የሞፕ ማጠቢያውንና የበረዶ ማሽኑ የሚያንጠባጥብበትን ቁጠሩ፤ አንዱ ደረቅ ቢሆን በምሳ ሰዓት ጭሱ ለደንበኛ ይደርሳል። የቅባት ማጥመጃው ክዳን ጎማ ካለቀ ከእሱም ይወጣል። የሚፈተሹበትን ሰዓት ደውላችሁ ጠይቁ።

ጣራ ላይ ካለው መተንፈሻ የሚወጣው ጭስ ጤነኛ ምልክት ነው። ከሣር መሐል፣ ከመኪና ማቆሚያው ስንጥቅ ወይም ከአሸንዳው ቢወጣ ግን ኋላ ደብዳቤ ሊመጣላችሁ ይችላል፤ ከቤት እስከ ዋናው መስመር ያለው ቧንቧ በብዙ ቦታ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። የጠፋ የክሊንአውት ክዳን ግን ቀላል ነው፤ ልኩን ገዝቶ መግጠም ነው።

አሁን ነጥብ ወደምንቀንስበት። ወረቀቱ የሚንጠለጠለው ዋናው በር ላይ ነው፤ በጓሮ በር የሚገባው የቤዝመንት ተከራይ አያየውም። ጭሱ ደግሞ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው። ባለቤቶች ሆይ፣ ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት። ሁለተኛ፣ ቋንቋው። በዋሽንግተን ዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ ስትደውሉ «አማርኛ አስተርጓሚ» ብላችሁ ጠይቁ። በሌሎች ከተሞችም መጠየቅ አይጎዳም። ሦስተኛ፣ ሠራተኞቹ ቤት መግባት እንደማያስፈልጋቸው ብዙ ወረቀት በግልጽ አይጽፍም። «ለጭስ ፍተሻ ነው፣ ቤዝመንቱን ልይ» የሚል ሰው ቢመጣ መታወቂያ ጠይቁት፣ በሩን ሳትከፍቱ ወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር አጣሩ።

አራተኛው ቀኑ ነው። ፍተሻው ደረቅ መሬት ይፈልጋል፤ ዝናብ ከጣለ ስንጥቁን ውሃ ስለሚሞላው ጭሱ አይወጣም፣ ሥራውም ይዘዋወራል። አዲሱን ቀን የሚነግር ሁለተኛ ወረቀት ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን አትጣሉት፤ ማንሆሉ ላይ ብሎወር እስክታዩ ድረስ በየሳምንቱ አንድ ጋሎን ወደ ቤዝመንቱ መውረጃ ጨምሩ።